አዳዲሶቹ ልብ ወለዶች ሳይነበቡ ለምን ይመለሳሉ?

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ደርቤ ይዣለሁ። ዘንድሮ ለ4ኛ፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል የሚሆኑ 34 አዳዲስ የልጆች ልብ ወለዶች ገቡልን። 19ኙ በአማርኛ የተጻፉ፣ 9ኙ ወደ አማርኛ የተተረጎሙ፣ 6ቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ናቸው። በሰልፍ ላይ አስተዋወቅናቸው፤ በሁለት ቀን ተሻምተው ወሰዷቸው። በሳምንቱ ሲመልሱ ብጠይቃቸው ግን ከአምስተኛው ገጽ ያለፈው ከስንት አንድ ነው። የትኛውን መጽሐፍ ለየትኛው ልጅ ልስጥ? እንዴትስ ላስተዋውቅ?»

መልስ፦ መምህር፣ ከመጽሐፉም ከልጁም በፊት የውሰት ቀኑን እንይ። «በሳምንቱ ሲመልሱ» ብለዋል። አንድ የልጆች ልብ ወለድ 96 ገጽ ቢሆንና በአንድ ገጽ 180 ቃል ቢይዝ ጠቅላላው 17,280 ቃል ይሆናል። በደቂቃ 60 ቃል የሚያነብ ልጅ ይህን ለመጨረስ 288 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በቀን 20 ደቂቃ ቢያገኝ 15 ቀን ይወስድበታል። በደቂቃ 40 ቃል የሚያነበው ደግሞ 432 ደቂቃ፣ በቀን 20 ደቂቃ ሲሰላ 22 ቀን። ስለዚህ የሰባት ቀን ውሰት ጎበዙንም ደካማውንም እኩል ያስቀረዋል። ያልጨረሰ ልጅ ደግሞ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ይመልስና በሚቀጥለው ጊዜ ከመደርደሪያው ላይ የሚፈልገው ቀጭኑን መጽሐፍ ብቻ ይሆናል።

ለልብ ወለድ የውሰቱን ጊዜ 3 ሳምንት ያድርጉት። ሥዕል ለሚበዛባቸው አጫጭር ተረቶች አንድ ሳምንት ይበቃል። በ5ኛው ቀን ግን ልጁን በእረፍት ሰዓት ፈልገው «የት ደረስህ?» ይበሉት። መልሱ «ገጽ 4» ከሆነ አይቆጡት፤ ገጽ 4ን እዚያው ቆማችሁ አብራችሁ አንብቡና ይሂድ። ይህች የሦስት ደቂቃ ሥራ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ መጽሐፍ ታስጨርሳለች።

20 ደቂቃውም ቢሆን በነጻ የሚገኝ አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በግ የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ኩበት የሚለቅም ልጅ የቀን ብርሃኑ በሥራ ያልቅበታል። ሴቶቹ ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ከወንድሟ ጋር አንድ ቀን የወሰደችው መጽሐፍ እሷ ዘንድ ወደ ኋላ ቢቀር ስንፍና አድርገው አይቁጠሩት። ለዚህ መፍትሔው በሳምንት ቢያንስ አንድ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ለዝምታ ንባብ መስጠት ነው። መጽሐፍ ለማዋስ ደግሞ ቀኑን ይምረጡ፤ ሞፈር ቀንበር የማይነሣባቸው እንደ 12፣ 21ና 29 ያሉ ቀናት ዋዜማ ጥሩ ነው፤ ቤተሰቡ ሲያርፍ ልጁም ትንሽ ፋታ ያገኛል። አዲስ መጽሐፍ በኅዳርና በታኅሣሥ አያስተዋውቁ፤ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለ ልጅ አይሰማዎትም። ጥቅምት መጀመሪያ ወይም ከጥምቀት በኋላ ይሻላል።

ወላጅ «ልብ ወለድ ከትምህርቱ ያዘናጋዋል» ማለቱም አይቀርም። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ከማስረዳት ይልቅ አንድ ልጅ ተነሥቶ አንድ ገጽ ያንብብላቸው። ማንበብ የማይችሉ አያት ማታ «እስቲ ከዚያ በኋላስ?» ማለት ከጀመሩ፣ መብራቱንም ጊዜውንም እሳቸው ያገኙለታል።

አሁን ወደ ልክነቱ። ልጁን ከመጽሐፉ ጋር ለማገናኘት የክፍል ደረጃውን አይመኑ፤ በአንድ 5ኛ ክፍል ውስጥ እንደ 2ኛም እንደ 8ኛም የሚያነቡ ይኖራሉ። መጽሐፉን መካከሉ ላይ ይክፈቱት፤ የመጀመሪያውን ገጽ ልጁ ከሌላ ሰምቶት ሊሆን ይችላልና። 100 ቃል ቆጥረው መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ በእርሳስ ቀጭን ምልክት ያድርጉ። ልጁ ድምፁን አሰምቶ ያንብብ፤ ሳያርሙት ስሕተቱን ብቻ በጣት ይቁጠሩ። እስከ 5 ስሕተት ከሆነ ብቻውን ይዘልቀዋል። ከ6 እስከ 10 ከሆነ አብሮት የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል። ከ10 ካለፈ ልጁ ከፊደሉ ጋር ሲታገል ታሪኩ ያልፈዋል፤ ሌላ ይስጡት። ይህን ሲያደርጉ ሌሎች ልጆች አጠገባችሁ አይቁሙ፤ በጓደኞቹ ፊት የተሳሳተ ልጅ ሁለተኛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አይመጣም።

ንባቡ ጥሩ ሆኖ ቢያገኙትም እዚያ ላይ አያቁሙ። ፊደላችን ድምፁን ስለሚነግረን ልጅ ምንም ሳይገባው ገጹን ሙሉ ወንዝ እንደሚወርድ ውኃ ሊያነበው ይችላል። ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ «አሁን የተናገረው ማን ነው?» እና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?»። የመጀመሪያውን ጥያቄ የማይመልስ ልጅ መጽሐፉን አይጨርሰውም።

ለምን መሰለዎት? አዳዲሶቹ ልብ ወለዶች «አለ»፣ «አለች» የሚለውን እየተዉ ንግግሩን ብቻ በሰረዝ ይደረድሩታል። እንዲህ፦

— ወዴት ነሽ?
— ወንዝ።
— ብቻሽን?
— አንተስ?

ልምድ ያለው አንባቢ «ነሽ» ሲል የተጠየቀችው ሴት መሆኗን፣ «አንተስ» ሲል ጠያቂው ወንድ መሆኑን ሳያስበው ይይዛል። ልጅ ግን አራቱንም መስመር አንድ ሰው የተናገረው አድርጎ ያልፈዋል፤ ከሁለት ገጽ በኋላ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋበትና መጽሐፉን ይዘጋል። «መጽሐፉ አይጥምም» ብሎ ይነግርዎታል፤ የጠፋበት ግን ሰዎቹ ናቸው። በሰሌዳ ላይ እንዲህ ያሉ አራት መስመሮች ጽፈው «ሽ» እና «ህ» ላይ በቀለም ጠመኔ ቢያሰምሩ፣ «አንተ» እና «አንቺ» የተናጋሪውን ማንነት እንዴት እንደሚያጋልጡ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባቸዋል። እኔ ከማንኛውም የመጽሐፍ ማስታወቂያ በፊት ይህን ትምህርት አስቀድማለሁ።

ሌላው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። «ገና ነው አለ» የሚለውን ይውሰዱ። «ና»ን አላልቶ ያነበበው «ጊዜው አልደረሰም አለ» ብሎ ይረዳዋል፤ አጥብቆ ያነበበው በዓሉን አስቦ ይቀጥላል። «አለ» ራሱ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ የሚደረገው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ቀንደኛው። በመደበኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ልጁ ቶሎ ይመለሳል፤ በልብ ወለድ ውስጥ ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ግማሽ ገጽ ከሄደ በኋላ ነው። ተመልሶ ማንበብ እንደሚፈቀድ ማንም አልነገረውም። ይንገሩት።

የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት ደግሞ እርስዎ አስቀድመው ይለኩት። ከመጽሐፉ የተለያዩ ቦታዎች 10 ዓረፍተ ነገር ወስደው ቃላቱን ቆጥረው ለ10 ያካፍሉ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ለ4ኛ ክፍል እስከ 9፣ ለ5ኛና ለ6ኛ እስከ 13። ከ15 በላይ የሚወጣው መጽሐፍ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ እርስዎ ጮክ ብለው የሚያነቡላቸው ይሁን። በአማርኛ ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ልጁ ያንን ሁሉ ተሸክሞ እስከ አራት ነጥቡ መዝለቅ አለበት።

ስለ 9ኙ ትርጉሞች። በረዶ የሚል ቃል ያለበትን ገጽ ፈልገው ይክፈቱ። «በረዶው ጉልበቱ ድረስ ደረሰ» ይላል እንበል። የእርስዎ ልጆች ውርጩንም አመዳዩንም ያውቁታል፤ በረዶ ሲባል ግን በዓይናቸው የሚመጣው ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ገብስ የሚያረግፈው ነው። ጉልበት ድረስ የደረሰ እንዲህ ያለ በረዶ ውስጥ ልጆች ሲጫወቱና ሲስቁ ሲያነቡ ግራ ይገባቸዋል። እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆኖ ያለ ድምፅ የሚወርድ በረዶ እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸውና መጽሐፉ ይከፈትላቸዋል። ሰዓቱንም ይፈትሹ፤ ተርጓሚው ሳይቀይረው «ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ነቃ» ብሎ ትቶት ከሆነ፣ ልጁ የሚያየው ምሳ ሰዓት ድረስ የተኛ ሰነፍ ነው። የባዕድ ስሞች ሲበዙ ደግሞ ከጠንካራ ወረቀት ጣት የሚያህል ዕልባት ቆርጠው አምስቱን ዋና ሰዎች ይጻፉበት፦ ስም፣ ዕድሜ፣ «የማን ምን እንደሆነ»። ዕልባቱ መጽሐፉ ውስጥ ይኑር። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትርጉም መጽሐፍን ከሞት የሚያድነው ግን ይህ ነው።

ስድስቱን እንግሊዝኛ መጻሕፍት ለአሁኑ ከ4ኛና ከ5ኛ ክፍል ያርቋቸው። ከውጭ የሚመጡት የዚህ ዓይነት ልብ ወለዶች የሚጻፉት እንግሊዝኛ አፉን ለፈታበት ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ነው፤ 40,000 ቃል መያዛቸውም የተለመደ ነው። በጀርባቸው ላይ የደረጃ ቁጥር ያለባቸው፣ ለቋንቋው ተማሪዎች ተብለው የቀለሉ ካገኙ ግን ለ6ኛ ክፍል ጎበዞች ይስጡ።

34ቱን ሁሉ ዳር እስከ ዳር ላንብብ ካሉ ዓመቱ ያልቃል። ከእያንዳንዱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሙሉውን፣ ከመካከል ሦስት ገጽ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያንብቡ። በአንድ መጽሐፍ 25 ደቂቃ ቢይዙ፣ በቀን ሁለት እያሉ በ17 ቀን ያዳርሷቸዋል። ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ይሙሉ፦ የገጹ ብዛት፣ በገጽ ስንት ቃል፣ የዓረፍተ ነገሩ አማካይ ርዝመት፣ የዋናው ልጅ ዕድሜና ጾታ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ውስጥ ስንት ስም እንደመጣ (ከ6 ካለፈ ይጠንቀቁ)፣ ልብ የሚያንጠለጥለው ነገር ገጽ ስንት ላይ እንዳለ፣ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ካለም የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ። የዋናው ልጅ ዕድሜ ያለ ምክንያት አልገባም፤ ልጆች እኩያቸውን ወይም በአንድ ሁለት ዓመት የሚበልጣቸውን ይከተላሉ፤ ከሚያንሳቸው ግን ይሸሻሉ። የ12 ዓመት ልጅ ደካማ አንባቢ ስለሆነ ብቻ የ7 ዓመት ልጅ ታሪክ ከሰጡት ሽፋኑን ደብተሩ ውስጥ ደብቆ ይዞት ይሄዳል፤ አያነበውም። ለሱ የሚፈለገው ባለታሪኩ እኩያው የሆነ፣ ምዕራፉ ግን ከ4 ገጽ የማይበልጥ መጽሐፍ ነው። ይህን ጥያቄዎን ስመልስ በአንድ ነገር ብቻ ቢሰሙኝ በዚህ ይስሙኝ።

አሁን ልጁ ፊትዎ ቆሟል እንበል። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» አይበሉት፤ መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ልጅ መልስ የለውም፣ «ማንኛውንም» ይልዎታል። አንብባ የምታውቀውን «የትኛው ቦታ ስትደርሺ ነው እራት ሲጠሩሽ ‹ቆይ› ያልሽው?» ይበሏት። አንብቦ የማያውቀውን ስለሚሰማው ተረት ይጠይቁት። ስለ ቀበሮ ተንኮል ሲያወራ ዓይኑ ከበራ ብልጣ ብልጥ ባለታሪክ ያለበትን ይስጡት። ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ሀገር ስጠኝ» መባል የሚያንገፈግፈው፣ ተሸናፊነት የማይወድ ልጅ ከሆነ የጠፋ ዕቃና የተሰወረ ምስጢር ፍለጋ ያለበት ልብ ወለድ የሱ ነው። የጅብና የሌሊት ወሬ የሚወደውን ደግሞ ያውቁታል። ሁለት መጽሐፍ ያሳዩትና አንዱን ራሱ ይምረጥ፤ አንድ ብቻ ከሰጡት ትእዛዝ ይሆንበታል፣ አሥር ካሳዩት ደግሞ በሽፋኑ ሥዕል ይመርጣል።

100 ቃል ሲያነብ ከ15 በላይ ለሚስት ልጅ ገና ልብ ወለድ አይስጡት። ቤት የሚመታ አጭር ነገር ይቅደም፤ ለምሳሌ የሰሜን ሸዋው ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ያስቀመጧቸው ዓይነት በግጥም የተነገሩ ታሪኮች፤ ቤቱ የሚቀጥለውን ቃል ስለሚጠቁመው ምላሱ ይፈታል። አፍሪካን ስቶሪቡክ በሚባለው ድረ ገጽ ላይም በነጻ የሚወርዱና የሚታተሙ አጫጭር የአማርኛ ታሪኮች አሉ፤ አንዱን በ8 ወይም በ10 ገጽ አትመው በስፌት ሽቦ ማያያዝ ይቻላል። ጥያቄዎን በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ያሉ መምህራንም ያነቡት ይሆናልና፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገርላቸው ልጆች በፈተናው ላይ ስሕተታቸው ቢበዛ ከማንበብ ድክመት ጋር አታምታቱት፤ ታሪኩን አስቀድመው በቃል ከሰሙት ያው መጽሐፍ ይቀልላቸዋል።

ሰልፉን በተመለከተ፣ በማለዳ ብርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ የቆመ ልጅ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ሽፋኑ እንኳን አይታየውም። ማስተዋወቁን ወደ ክፍል ያስገቡት። በአንድ ጊዜ ሦስት መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው ማዋስ። እንበል አንዱ መጽሐፍ ጣርማበር አካባቢ በጉም ውስጥ የጠፋች በግ የሚፈልጉ እህትና ወንድም ታሪክ ነው። የተለመደው አቀራረብ እንዲህ ነው፦ «ይህ መጽሐፍ ስለ ወንድማማችነትና ስለ ትዕግሥት የሚያስተምር፣ እጅግ ጠቃሚ መጽሐፍ ነው፤ ሁላችሁም አንብቡት።» ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፈተና ያለው ነገር መሰላቸው። አሁን ይህን ይሞክሩ፦

«ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው። በጎቹን ቆጠረቻቸው፤ 14። ጠዋት 15 ነበሩ። ጉሙ እየወረደ ነው፤ ወንድሟ ሲጠራት ትሰማለች፣ እሱ ግን አይታያትም። ድምፁን ተከትላ ገደሉ አፍ ድረስ ሄደች። ገጽ 19 ላይ እጇን ስትዘረጋ የያዘችው… የወንድሟን እጅ አልነበረም።»

መጽሐፉን ይዝጉና ዝም ይበሉ። ስለ ትዕግሥት አይናገሩ፤ መጨረሻውንም ቢለምኑዎት አይንገሯቸው። ለዚህ ዓይነቱ ማስተዋወቅ የመረጡትን መጽሐፍ ብቻ ዳር እስከ ዳር አንብበው መጨረስ አለብዎት፤ ያላነበበ ሰው ድምፁ ላይ ይታወቅበታል።

ሆኖም በዚህ የተያዘ ልጅም ምዕራፍ 1 ወይም 2 ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደራሲው ሰዎቹን፣ ሰፈሩን፣ ዘመዱን የሚያስተዋውቀው እዚያ ስለሆነ ነገሩ ገና አልተነሣም። ስለዚህ ልጁን እስከ ምዕራፍ 3 ማሻገር የእርስዎ ሥራ ነው። 1,200 ቃል ያለውን ምዕራፍ መምህር ሳይቸኩል ሲያነበው 11 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 40 ደቂቃውን እንዲህ ይክፈሉት፦ 11 ደቂቃ እርስዎ ምዕራፍ 1ን ያንብቡ፣ 5 ደቂቃ ስለ ሰዎቹ ማንነት ይነጋገሩ፣ 15 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ምዕራፍ 2ን ይጀምሩ፣ የቀረውን 9 ደቂቃ ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ በዝምታ ያንብብ። አንድ ቅጂ ብቻ ካለ ምዕራፍ 2ን በየእረፍቱ በሚኒ ሚዲያ ለአምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሦስት ደቂቃ ያስነብቡት። አንባቢው ጎበዝ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያቆምበትን ቦታ ግን እርስዎ ምልክት ያድርጉለት። ነገሩ ሊለይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀረው ያቁም።

ቅጂ ለማነሱ ሁለት ዘዴ አለ። ቤታቸው የሚቀራረብ ሁለት ልጆች አንድ መጽሐፍ በጋራ ይዋሱ። ደግሞ ተራ መያዣ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከ4 ስም በላይ ግን አያስጽፉ፤ በሦስት ሳምንት ሒሳብ 5ኛው ልጅ የሚያገኘው ከ12 ሳምንት በኋላ ነውና ያኔ ፍላጎቱ ይበርዳል።

ስለ ከባድ ታሪኮች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ። ቤት ሲቃጠል፣ አባት ሲሞት የሚያሳይ ልብ ወለድ ከመደርደሪያ አይውረድ፤ አንዳንዱ ልጅ የሚፈልገው በትክክል ይህንን ነው። ግን ሳይነግሩት አይስጡት። «ገጽ 40 አካባቢ ቤታቸው የሚቃጠልበት ቦታ አለ፤ ልጁ በመጨረሻ ደህና ይሆናል። ልትወስደው ትፈልጋለህ ወይስ ሌላ ልስጥህ?» ይበሉት፤ ምርጫውን ለሱ ይተዉለት። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለክፍል ሁሉ በድምፅ አያንብቡ፤ የተከፋ ልጅ ተነሥቶ መውጣት አይችልም።

መጽሐፎቹ በሙጫ ብቻ የተያያዙ ከሆኑ ከማዋስዎ በፊት አከፋፈታቸውን ያለማምዷቸው። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከፊት 10 ገጽ፣ ከኋላ 10 ገጽ እየወሰዱ በአውራ ጣት ሥር ሥሩን በቀስታ ይጫኑ፤ መካከሉ እስኪደርሱ ይቀጥሉ። ያለዚህ የመጀመሪያው ልጅ መሐል ላይ ገንጥሎ ሲከፍተው ሙጫው ይሰነጠቃል፤ በሦስተኛው ተዋሽ ገጾቹ መርገፍ ይጀምራሉ። የረገፈውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ከጀርባው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው በወስፌ ሦስት ቀዳዳ አውጥተው በጠንካራ ክር ይስፉት። ሽፋኑን በደብተር ላስቲክ ይልበሱት፤ ለእረኛው ልጅ ደግሞ መጽሐፉን የሚከትበት አንድ ከረጢት ይጨምሩለት። «ከጠፋ ትከፍላለህ» የሚለውን ማስፈራሪያ ይተዉት። የፈራ ልጅ መጽሐፉን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ በሦስተኛው ሳምንት ንጹሑን ይመልስልዎታል፤ ከ34ቱ አንድ ሁለት ቢጠፉ ከዚያ ይሻላል።

ሲመልሱ ማጠቃለያ አያስጽፏቸው። የመጨረሻው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ባለ መስመር ወረቀት ይለጥፉና ልጁ ስሙን፣ ክፍሉንና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍበት፤ ጥያቄው «ለማን ይሰጥ?» ነው። «የሚፈራ ልጅ ማታ አያንብበው።» «ወንድሟን ለምትወድ ልጅ።» «መጀመሪያው ቀስ ይላል፣ ገጽ 19 ድረስ ታገሡ።» ከእርስዎ ሁለት ደቂቃ ንግግር ይልቅ የ6ኛ ክፍል ልጅ በእርሳስ የጻፈው ይህ መስመር ለ5ኛው ክፍል ልጅ ያሳምናል። መጽሐፉን ያልወደደውም ያልወደደበትን ይጻፍ፤ አያጥፉበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሳ ስትመጣ ሁለተኛው ጠረጴዛዎ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት። «ነገ ነይ፣ ፈልጌ እሰጥሻለሁ» ካሏት ነገ በግ ጥበቃ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ፈተና። በ5ኛው ቀን «የት ደረስሽ?» ብለው ሲጠይቋት ምን እንደሳባት ሰምተዋልና፣ የዚያኑ ቀን በውሰት ካርዷ ጀርባ ላይ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ርዕስ ጽፈው ያስቀምጡላት።